ሎሽ ላይ የተደረሰ ለቅሶ

«የማያውቁት ሀገር አይናፍቅም» ይላል ተረቱ። ይህን ተረት ያወጣው ሰው የጉዞ ወኪል ቢሮ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ፎቶግራፍ አላየም። እኔ አይቻለሁ፤ እናንተም አይታችኋል። ወንዝ ዳር የቆመ ነጭ ግንብ፣ ከግንቡ ሥር ብስክሌት የያዘች ሴት፣ ከብስክሌቷ ቅርጫት ብቅ ያለ ረጅም ዳቦ። ሴትዮዋ አትቸኩልም። የምትገባበት ሺፍት፣ የምትከፍለው ቢል፣ የምትደርስበት ክርስትና ያላት አትመስልም። እንዲህ ያለውን ሥዕል በጥር ወር፣ መኪናው ከበረዶ ሥር ተቀብሮ ሳለ ያየ የሚኒሶታ ሰው፣ የማያውቀው ሀገር ቢናፍቀው ማን ይፈርድበታል?

ችግሩ እኛ ሀገር ማየት አልለመደብንም። ተሳስቼ እንደሆነ አርሙኝ። እኛ የምናውቀው ሰው መጠየቅ ነው። ዴንቨር ደርሶ የተመለሰ ሰው አግኝታችሁ «ዴንቨር እንዴት ናት?» ብትሉት፣ «ደህና ናቸው፣ ልጆቹ አድገዋል» ይላችኋል። ተራራውስ? የምን ተራራ! ሰው የሌለበት ቦታ የሚሄደው ወይ የተጣላ ነው፣ ወይ መናኝ ነው። ከሁለቱ ያልሆነ ሰው ቦርሳውን ሸክፎ ድንጋይ ሊያይ ሲነሳ ዘመድ ወዳጁ «ማን ቤት ልታርፉ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። «ሆቴል» የሚል መልስ ከሰማም ሆዱ ያዝናል።

ጽጌ ግን ቆርጣ ነበር። ጽጌ የወዳጄ የበላቸው ሚስት ናት። ሚኒያፖሊስ አጠገብ ብሩክሊን ሴንተር ይኖራሉ፤ እሷ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፣ እሱ ታክሲ ይነዳል። ሳምንቱን ለሥራቸው ሰጥተው ሲያበቁ ቅዳሜና እሁዱን የሚወስድባቸው ሕዝቡ ነው። ጠዋት ክርስትና፣ ከሰዓት ምርቃት፣ ማታ «እንኳን ማርያም ማረችሽ»፣ በመሀል ለቅሶ። ጽጌ አንድ ቀን ከለቅሶ ወደ ሰርግ ሲያልፉ፣ ሀይዌይ ላይ፣ በሚሄድ መኪና ውስጥ ጥቁር ልብሷን አውልቃ ቀዩን ለበሰች። ዚፑ ግማሽ መንገድ ላይ ተያዘ። ያን ጊዜ ነው ባሏን «በላቸው፣ አንድም ሰው የማናውቅበት ሀገር ውሰደኝ» ያለችው።

ካርታ ተዘርግቶ ተመከረ። ለንደን የእሱ የአክስት ልጅ አለች። ሮም የእሷ ክርስትና ልጅ አለ። ፍራንክፈርት መላው ሰፈር አለ። ፓሪስ የዕድሩ ሊቀመንበር እህት ትኖራለች፤ ሳይጠይቋት ቢያልፉ ሊቀመንበሩ ሰላም አይላቸውም። የቀሩት ፈረንሳይ ውስጥ በሎዋር ወንዝ ሸለቆ ያሉ ትናንሽ ጥንታውያን ከተሞች ናቸው። ብልዋ ማንም የለም። አምቧዝ ማንም የለም። ሎሽ የሚባል ቦታ መኖሩን እንኳ የሚያውቅ ሀበሻ አልተገኘም። ጽጌ ጣቷን ሎሽ ላይ አድርጋ «ይሄ ነው ቫኬሽን» አለች። እኔ አዲስ አበባ ተማሪ ቤት ሳለሁ የተቀጣሁበት ፈረንሳይኛ ስላለኝ፣ ሆቴሎቹ ጋር ደውዬ ክፍል ያዝኩላቸው። ጥፋቴ ይኸው ብቻ ነው።

አሁን ስለ በላቸው አንድ ነገር ልንገራችሁ። በላቸው አልቃሽ ነው። ሙያዬ ነው ብሎ አይደለም፤ ተፈጥሮው ነው። ሬሳ ያለ ለቅሶ ሲሸኝ ማየት አይችልም። «ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም» የሚባለው ለእሱ ነው። ከሪችፊልድ እስከ ብሩክሊን ሴንተር ለቅሶ ሲቀዘቅዝ «በላቸው አልደረሰም እንዴ?» ይባላል። እሱ ሲደርስ፣ የሟች ቤተሰብ እንኳ የዘነጋው ሐዘኑ ይመለስበታል።

ከዚህ በኋላ ያለው እነሱ ከተመለሱ በኋላ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ካለ አንድ ምግብ ቤት ተቀምጠን፣ አንዱ የሌላውን እየነጠቀ የነገሩኝ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንደ ሥዕሉ አለፉ። ብልዋ ላይ በላቸው ረጅም ዳቦ በብብቱ ይዞ ፎቶ ተነሳ። ወንዝ ዳር ተቀምጠው ማንም ስልክ አልደወለላቸውም። ጽጌ እንደነገረችኝ አንድ ከሰዓት ሙሉ «ምን ላድርግ?» ሳትል ዋለች። ከዚያ ሎሽ ገቡ።

ሎሽ ኮረብታ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። አናቷ ላይ ግንብ አለ፣ ነገሥታት የኖሩበት ቤት አለ፣ ደግሞ ጣሪያው ከውስጥ ሲያዩት እንደ መሶብ ክዳን እየጠበበ ወደ ላይ የሚሄድ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን አለ። የጽጌ እቅድ መጀመሪያ ጣሪያው፣ ቀጥሎ ምሳ፣ ከምሳ በኋላ ግንቡ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ግን ረጅም ጥቁር መኪና ቆሞ አገኙ።

«በላቸው፣ ግንቡን እናስቀድም» አለች ጽጌ ቶሎ ብላ።

«ቆይ» አለ በላቸው። በላቸውን የሚያውቅ ይህችን «ቆይ» ያውቃታል።

ገቡ። ሬሳ ሳጥን አለ። አበባ አለ። ሰው አለ። ለቅሶ የለም።

በላቸው ጠበቀ። ቄሱ ያነባሉ፣ ሰዉ ይነሳል፣ ሰዉ ይቀመጣል። ፊት ወንበር ላይ ነጭ ፀጉር ያላቸው አንዲት ሴት የእጅ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል።

«ጽጌ» አለ በሹክሹክታ፤ «ይሄ ሰው አልቃሽ የለውም እኮ።»

«ባህላቸው ነው። በሆዳቸው ነው የሚያለቅሱት።»

«በሆድ የተለቀሰ ለማን ይሰማል?»

«በላቸው፣ በናትህ። ቫኬሽን ላይ ነን።»

«እሱስ ሞቶ የለ!» አለና ወደ መሀል ወጣ። ከዚያ በኋላ የሎሽ ቤተ ክርስቲያን ከተሠራ ጀምሮ ሰምቶት የማያውቀውን ድምፅ ሰማ። «ወንድሜን! ወንድሜን! ወንድሜን!» ያ መሶብ ክዳን የመሰለው ጣሪያ ለድምፅ ጥሩ ነው አሉ። ጽጌ ስለ ጣሪያው የምታውቀው ይህን ብቻ ነው፤ ምክንያቱም እሷ ካርታዋን ዘርግታ ምሰሶ ኋላ ተደብቃ ነበር።

ቄሱ ንባባቸውን አቆሙ። ሕዝቡ ዞረ። ቀብር አስፈጻሚው፣ ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ነውና፣ እንዲህ የሚያለቅስ ከቤተ ዘመድ በቀር ሊሆን አይችልም ብሎ በላቸውን ክንዱን ይዞ ነጭ ፀጉር ካላቸው ሴትዮ ጎን አስቀመጠው። ባለቤትየዋ ነበሩ። መካነ መቃብር ሲደርሱ በላቸው ከተሸካሚዎቹ አንዱን «ወንድሜ፣ ደክሞሃል» ብሎ በአማርኛ አሳርፎ የሳጥኑን ጫፍ ያዘ። ግንቡን ከሩቅ አዩት። ተዘጋ።

«ነገ አምቧዝ እንሄዳለን» አለች ጽጌ ማታ፣ በቀረላት አቅም።

«ሠልስቱስ?» አለ በላቸው።

ሠልስቱ እስኪደርስ ሎሽ ቆዩ። ግንቡን በዚያ መሀል ያላዩበትን ምክንያት ጠይቄ ነበር። ሐዘን ላይ ሆኖ ግንብ መጎብኘት ነውር ነው። በሦስተኛው ቀን በላቸው ሁለት ካርቶን ውሃ ትከሻው ላይ ጭኖ የሟችን ቤት እያጠያየቀ ሄደ። ጽጌ ከኋላው እየተከተለች «ውሃ አላቸው እኮ!» ትለዋለች። «እኛስ ብሩክሊን ሴንተር ቧንቧ ጠፍቶ ነው ውሃ የምንወስደው?» ይላታል። ይህን ለመመለስ የሚችል ካለ እጁን ያውጣ።

ሴትዮዋ፣ ማዳም ሶላንዥ ይባላሉ፣ በር ከፍተው ውሃውን አዩ፤ ሰውዬውን አዩ፤ አስገቡ። በላቸው እንደ ወጉ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ።  ማዳምም ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። ጽጌ የግድግዳውን ወረቀት አበቦች ስታይ ቆየች፤ በፈረንሳይ ምድር ተረጋግታ ያየችው ጥበብ ይኸው ነው። ብስኩት ቀረበ፤ በላቸው እስኪለመን ጠበቀ። ፈረንሳዮች አንዴ ነው የሚጋብዙት። ተርቦ ተነሳ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ቤታችን ቤትሽ ነው» አለ፤ ጽጌም ከሀፍረቷ ብዛት የቤታቸውን ስልክ ሰጥታቸው ወጡ።

«ግንቡስ?» አልኳቸው ፎቶዎቹን ሳገላብጥ።

«ተዘግቶ ነበር» አለ በላቸው።

«ክፍት ነበር» አለች ጽጌ። «የተዘጋነው እኛ ነን።»

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ተስቆበት ይቀር ነበር። ክረምቱ አልፎ ዛፉ ማቆጥቆጥ ሲጀምር ግን እነ ጽጌ ቤት ስልክ ተደወለ፤ ፈረንሳይኛ ነውና ወደ እኔ ዞረ። ማዳም ሶላንዥ ናቸው። ሚኒያፖሊስን መጎብኘት ፈልገዋል። በሕይወታቸው ከፈረንሳይ ወጥተው አያውቁም፤ ልጅም ስላልወለዱ ከቤት የሚያስቀራቸው የለም።

ሚኒያፖሊስን! እስቲ ፍረዱ። ነገሥታት የኖሩበት ግንብ ከመስኮታቸው የሚታያቸው ሴት፣ እኛ ዘንድ መጥተው ምን ሊያዩ? ጽጌ ተጨነቀች። የከተማችን ፏፏቴ ይታያል፣ የሴንት ፖል ካቴድራል ይታያል፣ ብሉሚንግተን ያለው ትልቁ የገበያ አዳራሽ ይታያል። በላቸው ታክሲውን አጥቦ እየዞረ አሳያቸው። እኔም እንዳቅሜ ኒኮሌትና ሄነፒን የተባሉት ጎዳናዎቻችን ስማቸውን ያገኙት ፈረንሳይኛ ከሚናገሩ ሰዎች እንደሆነ አስረዳሁ። ማዳም «እንዲያ ነው?» ይሉና ዓይናቸውን ወደ ፊት ይመልሳሉ። ታክሲ ኋላ የተቀመጠ ሰው ፊት ለፊት የሚታየው ምንድን ነው? የሾፌሩ ጆሮ። ማዳም ሶላንዥ ፏፏቴው ጋ ጆሮውን አዩ። ካቴድራሉ በር ላይ ጆሮውን አዩ። የበላቸው ጆሮ ትልቅ መሆኑን አልክድም፤ ግን ለዚህ ውቅያኖስ ይሻገሩለታል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ማታ ከእራት በኋላ ማዳም «የምጠይቀው ነገር አለኝ፤ እንዳለ ተርጉምልኝ» አሉኝ።

የማዳም ባለቤት፣ ሙሴ ማርሴል፣ ከመጋባታቸው በፊት ወታደር ሆነው ጅቡቲ ነበሩ። ስለዚያ ጊዜ ምንም አያወሩም። ሲጠየቁ የሚሉት «ይሞቃል» ብቻ ነው። ማዳም ይህንን አምነው ዕድሜያቸውን ኖሩ። በቀብሩ ቀን ግን አንድ አፍሪካዊ ገብቶ ከሁሉ አብልጦ አለቀሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከተማው ሹክ ይላል፤ እሳቸው ደግሞ እንቅልፍ የላቸውም። ማርሴልም ጆሯቸው ትልቅ ነበር።

«አልቆጣም» አሉ። «በሞተ ሰው ማን ይቆጣል? ብቻ ልወቀው። ዕድሜዬን ሙሉ የኖርኩት ከማን ጋር ነው? ይህ ሰው የማርሴል ልጅ ነው?»

 የሻይ ማንኪያቸውን ሳህኑ ላይ አስቀመጡ። ያኔ ነው መሳቄን የተውኩት። ተረጎምኩ።

በላቸው ከወንበሩ ተነሳ። «አባቴ የመንዝ ሰው ነው በላት! ከደብረ ብርሃን ወዲያ ሄዶ አያውቅም በላት!»

«የጠየቁት የአባትህን ጉዞ አይደለም» አልኩት።

«ታዲያ የማንን?»

«የእናትህን።»

 እዚህ የተወለደችው ልጃቸው ሜላት ከሶፋው ላይ «ኦ ማይ ጋድ፣ ዳድ!» አለች። ጽጌ የባሏን ጆሮ በአዲስ ዓይን ስታየው ቆይታ «እውነት ግን ከወንድሞችህ ይለያል» አለች። ላሳጣት ግንብ የተበቀለችው ያኔ ነው።

ለማዳም እውነቱን ነገርኳቸው። በላቸው ባለቤትዎን አያውቃቸውም፤ አይቷቸውም አያውቅም፤ በመንገድ ሲያልፍ ለቅሶ አገኘ፣ ለቅሶ አይታለፍም። ማዳም በትዕግሥት ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጨዋ ሰዎች ናችሁ፤ ልትሸፍኑለት ነው። ለማያውቁት ሰው እንደዚያ አይለቀስም» አሉ። ምን ትላላችሁ? መልካም ሥራ ምስክር ሲያጣ ከወንጀል ይከፋል።

መላውን ያመጣው በላቸው ነው። «ነገ ለቅሶ አለ፤ አቶ ደበላ የሚባሉ ሰው አርፈዋል። እኔም አላውቃቸውም። ይዘናት እንሂድ፤ ትየው።»

ሄድን። የአቶ ደበላ ቤት ከእነ በላቸው ብዙም አይርቅም። በር ላይ ጫማ፣ ጋራዥ ውስጥ ታጣፊ ወንበር፣ ግድግዳውን ታክኮ እስከ ጣሪያ የተደረደረ የውሃ ካርቶን። ማዳም ካርቶኖቹን ሲያዩ ቆም አሉ። ሳሎን ውስጥ ባለቤታቸው ወይዘሮ ጫልቱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው በዘመዶቻቸው መሀል ተቀምጠዋል፤ ለቅሶው በኦሮምኛም በአማርኛም ነው። በላቸው ደጃፉን ሲረግጥ «ወንድሜን!» አለ። ቤቱ እንደገና ተነሳ።

«ያውቃቸዋል?» አሉኝ ማዳም በጆሮዬ።

«አያውቃቸውም።»

«አንተስ?»

«እኔም።»

«ያቺ ደረቷን የምትመታው?»

ጎኔ ያለውን ሰው ጠየቅሁ። «አክስቷ የሟች ጎረቤት ነበሩ አሉ» አልኳቸው።

ማዳም ሶላንዥ ያን ሁሉ ሰው አንድ በአንድ አዩት። ፊታቸው ሲፈታ በዓይኔ አየሁ። ማርሴል የራሳቸው ማርሴል ሆነው ተመለሱላቸው፤ ጅቡቲም ሙቀት ብቻ ሆነች። ከዚያም፣ ሎሽ ላይ ቀጥ ብለው የተቀመጡት ሴትዮ፣ እሪ ብለው አለቀሱ። ድምፅ አውጥተው፣ ደረታቸውን ይዘው፣ በፈረንሳይኛ። ለቅሶ ቤት ገብቶ ለሰው ሟች ብቻ አልቅሶ የሚወጣ እንደሌለ እናንተም ታውቃላችሁ። ሴቶቹ ተነስተው ደገፏቸው፣ ነጠላ አለበሷቸው፣ ውሃ አጠጧቸው። ከቤቱ ሁሉ አብልጠው ያለቀሱት እሳቸው ነበሩ። በላቸው ራሱ አድንቆ ቦታውን ለቀቀላቸው።

ወይዘሮ ጫልቱ ቀና ብለው ማዳምን አዩ።

ማዳም በማግሥቱ ጎብኚ ሆኑ። ካቴድራሉን እንደገና እንይ ብለው፣ ገብተው ቀና እያሉ ጣሪያ አዩ፤ ለጽጌም የሎሽ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ከውስጥ እንዴት እንደሆነ በእጃቸው ቅርጽ እየሠሩ አስረዷት። እኔም እየተረጎምኩ አብሬ አየሁት። ጽጌ ዓይኗን ጨፍና ሰማች። ከምሰሶ ኋላ ካየችው ይሻላል ብላኛለች። ሲሸኟቸው በላቸው አለቀሰ፤ ያ የሚጠበቅ ነው።

እኔም ነገሩ በሰላም አለቀ ብዬ ሳበቃ፣ የአቶ ደበላ ልጅ ገመቹ ሪችፊልድ ድረስ ድራይቭ አድርጎ ቤቴ መጣ። እናቱ መኪና ውስጥ ናቸው። አስገባኋቸው።

«ጋሼ» አለኝ ልጁ ጫማውን እያየ፤ «ያቺ ፈረንሳይ ሴትዮ ማናት?»

«የእነ በላቸው እንግዳ ናቸው። አባትህን አያውቋቸውም።»

«አባዬ ከሀገር ሲወጣ ጅቡቲ ነበር፣ ሬፊውጂ ሆኖ። እዚያ ፈረንሳይ ሞልቷል ይባላል። ስለዚያ ጊዜ ምንም አይነግረንም ነበር። ስንጠይቀው 'ይሞቃል' ብቻ ነው የሚለው።»

ክው አልኩ። ከዚያም ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው፤ ሎሽን፣ ሳጥኑን፣ ሠልስቱን፣ ጆሮውን። ስጨርስ የእውነት ያህል የሚያጠራጥር ነገር እንደሌለ ለራሴም ገባኝ። ልጁ በአክብሮት አዳምጦ «ኦኬ፣ ጋሼ፤ ግን ለማያውቁት ሰው እንደዚያ ይለቀሳል?» አለ።

ይህን የሚጠይቀኝ ከለቅሶ ቤት የመጣ ሰው ነው። ለቀባሪው አረዱት ማለት ይኸው ነው። «ገመቹ» አልኩት፤ «በላቸው ሲያለቅስ አይተህ የለ?»

«በላቸው በላቸው ነው፤ ልማዱ ነው። ፈረንጅ ግን አያለቅስም።»

 ወይዘሮ ጫልቱ ነጠላቸውን አስተካክለው በረጋ ድምፅ «ልጅ አላቸው?» አሉኝ።

«አልወለዱም።»

«ማን ነገረህ?»

«ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ።»

«እህ» አሉ።  «ያ አገራቸው አለ የተባለው ግንብ፣ ለጎብኚ ክፍት ነው?»

«ክፍት ነው» አልኳቸው።

«እኔም መቼም ዕድሜዬን ሙሉ ግንብ አይቼ አላውቅም» አሉ። «የሆቴል ክፍል የምትይዘው አንተ ነህ አሉኝ።»